ዩ ስትሪት ለሚያመሽ እንግዳ

ዘመድ ለመጠየቅ ዋሽንግተን ዲሲ የመጣ ሰው ቀኑን ሐውልት ሲያይ ይውላል። ሲመሽ «እስቲ ወጣ ብለን እንጫወት» ከተባለ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ዩ ስትሪት ነው። ክትፎ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ እኩለ ሌሊት አልፎም መንገዱ እንደ ገበያ ቀን በሰው ይሞላል። እኔም የከተማው ነዋሪ ነኝና ለእንግዳ ከምመክራቸው ሰፈሮች ሁሉ የማስቀድመው ይህንኑ ነው። ቅር የሚለኝ ብዙ ወገኖቻችን ከመኪና ወርደው አንድ ምግብ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ከዚያው ወደ መኪናቸው ተመልሰው «ዩ ስትሪትን አየነው» ማለታቸው ነው። ይህን መንገድ የሠሩት ሰዎች አሉ፣ የተቃጠለበት ቀን አለ፣ እኛም የገባንበት ጊዜና ምክንያት አለ። ይህን አውቆ የመጣ እንግዳ ምሽቱ ይጣፍጥለታል፤ ከሰፈሩ ሰው ጋርም ተከባብሮ ያመሻል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን እንደ አገራችን እቆጥራለሁ።

አመጣጥ

መኪናዎን ቤት ይተዉት። በዙሪያው ባሉት መንገዶች ላይ የሰፈሩ ነዋሪ ላልሆነ ሰው መኪና ማቆም የሚፈቀደው በአብዛኛው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ምልክቶቹም አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚሰቀሉ ለለመደ ሰው እንኳ ያደናግራሉ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ክፍት ቦታ ሲፈልጉ ግማሹ ምሽት ያልቃል፤ ያለ ቦታው ካቆሙት ደግሞ ቅጣት ይጠብቅዎታል፣ አለዚያም መኪናው ተጎትቶ ይወሰዳል።

በሜትሮ አረንጓዴ መስመር ይምጡ። ጣቢያው ከመንገዱ ሥር ነው፤ አንዱ መውጫ 13ኛው መንገድ ላይ፣ ሌላው 10ኛው ላይ ይገኛል። በ10ኛው ይውጡ። ወደ ላይ ሲወጡ የሚያገኙት የነሐስ ሐውልት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ነው። ቀራፂው ኤድ ሃሚልተን ሲሆን የተተከለው በ1998 ነው። ዙሪያውን ባሉት ግድግዳዎች ላይ 209,145 ስሞች ተቀርጸዋል፤ የጥቁር ክፍለ ጦሮቹ ወታደሮችና የመኮንኖቻቸው ስሞች ናቸው። ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰው ጥቂት ስሞችን ቢያነቡ መልካም ነው፤ ከጨለመ በኋላ ጽሑፉን ማየት ያስቸግራል።

የዲሲ መንገዶች አሰያየም አንዴ ከገባዎት መጥፋት የለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራሉ፤ ስለዚህ ዩ የሚገኘው በቲ እና በቪ መካከል ነው። ምሽቱ የሚደምቀው ከ9ኛው እስከ 14ኛው መንገድ ባለው ርቀት ሲሆን በእግር ዘና ብለው ይጨርሱታል። ከተማዋ ከካፒቶል ሕንጻ ተነሥታ በአራት አቅጣጫ የተከፈለች በመሆኗ ተመሳሳይ አድራሻ በሌላውም ክፍል ሊኖር ይችላል። ለታክሲ አድራሻ ሲሰጡ «ኖርዝዌስት» የሚለውን አይርሱ።

የመንገዱ ባለቤቶች

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ሰው መሀል ከተማ ወዳሉት ቴአትር ቤቶችና ምግብ ቤቶች እንደ ልቡ አይገባም ነበር። ስለዚህ የራሱን ሠራ። 12ኛው መንገድ ጥግ ላይ የሚታየው ትሩ ሪፎርመር የተባለው ሕንጻ በ1903 ሲቆም ንድፉን ያወጣው ጆን ላንክፎርድ ጥቁር ነበር፤ ገንዘቡን ያዋጡትም፣ የገነቡትም ጥቁሮች ነበሩ። በ1910 ሃዋርድ ቴአትር፣ በ1922 ሊንከን ቴአትር ተከተሉ። ባንክ፣ ፎቶ ቤት፣ የሐኪም ክፍል፣ የጠበቃ ቢሮ በዙሪያቸው በቀለ። በ1867 የተመሠረተው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ስለሆነ ምሁሩና ሙዚቀኛው በአንድ መንገድ ላይ ይገናኙ ነበር። ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ሉዊስ አርምስትሮንግ፣ ቢሊ ሆሊዴይ እዚህ ሰፈር መድረክ ላይ ቆመዋል። ዘፋኟ ፐርል ቤይሊ መንገዱን «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ብላ ጠርታዋለች ይባላል።

ዱክ ኤሊንግተን ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ነው። በ1899 በዚሁ ከተማ ተወልዶ በእነዚህ መንገዶች ላይ አደገ። የሙዚቃ ፍቅር ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ሰው የሚያስታውስበት ሌላ ምክንያትም አለው። ኤሊንግተን በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሰጥተውታል፣ እንግዳውን እንዲያስተናግድ የተመደበውም ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ኤሊንግተን በማግስቱ ዓመት ዐረፈ። ሃዋርድ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን ሐውልቱን ሲያዩ ይህን ያስቡት። የኢትዮ ጃዝ ወዳጅ የሆነ ሰው ዩ ስትሪት ሲደርስ ባዕድ ቦታ አይደለም የደረሰው።

ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደሉ ሲሰማ ሕዝቡ መጀመሪያ የተሰበሰበው 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ነበር። ሐዘኑ ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ ቃጠሎ ተለወጠ። በከተማው ከ1,000 በላይ ሕንጻዎች ተቃጠሉ ወይም ተሰባበሩ። ከዚያ በፊትም የዘር ክልከላው መላላት ሲጀምር አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ሌሎች ሰፈሮች እየሄደ ነበር። ከእሳቱ በኋላ የተረፈው ነጋዴም ለቀቀ። ከ20 ዓመት በላይ መስኮታቸው በጣውላ የተመታ ቤቶች፣ አደንዛዥ ዕፅና ባዶ መሬት የመንገዱ መልክ ሆኑ። ከተማው በ1986 መስቀለኛው ላይ ትልቅ የመንግሥት ሕንጻ አቆመ፤ ቀጥሎም ሜትሮ ሊያስገባ መንገዱን ለዓመታት ቆፈረው፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው።

ይህን ሁሉ ሳይዘጋ ያለፈው ቤት ቤንስ ቺሊ ቦውል ነው። ከትሪኒዳድ የመጣው ቤን አሊና ባለቤቱ ቨርጂኒያ በ1958 የከፈቱት ከሊንከን ቴአትር ጎን ነው። በ1968ቱ ሰዓት እላፊ ጊዜ እንኳ ክፍት ሆኖ ለእሳት አደጋ ሠራተኛውም፣ ለፖሊሱም፣ ለተሰለፈውም ሰው ምግብ አቅርቧል። ባራክ ኦባማ በ2009 ቃለ መሐላ ሊፈጽም ቀናት ሲቀሩት እዚህ ገብቶ በልቷል።

እኛ እንዴት ገባን

ኢትዮጵያውያን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሚያውቁት ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ነው። ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የጨረሱት እዚያ ነው፤ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበረውን የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ብዛት ያለው ሐበሻ ግን የመጣው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች ወዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶች አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ ላይ ተከፈቱ። ኪራዩ ሲወደድ ዓይናቸውን ወደ ዩ ስትሪት ጣሉ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚሸሸው ሰፈር ስለነበር ኪራዩ ርካሽ ነበር። እንደ ዱከም ያሉ ቤቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ተከፈቱ፤ 9ኛው መንገድም ከዩ እስከ ቲ ድረስ በአማርኛ ማስታወቂያ ተሞላ። ሁለት ኢትዮጵያውያን መንታ እኅትማማቾች ትዊንስ ጃዝ የተባለ ክለብ ዩ ስትሪት ላይ ከፍተው እስከ 2020 ድረስ ጃዝን በሰፈሩ አቆይተዋል፤ ይህ ሊነገርላቸው የሚገባ ሥራ ነው።

በ2005 ገደማ 9ኛውን መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» እናስብለው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሎስ አንጀለስ በ2002 እንዲሁ አድርጋለችና ለእኛ ሰዎች ተገቢ መስሎ ታያቸው። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ። አያቶቻችን በመከራ ያቆሙት ሰፈር ስሙ በሌላ ይተካ ወይ ነበር ጥያቄያቸው። በእኔ እምነት ጥያቄው ልክ ነበር። የተዘጋ ሱቅ ከፍተን፣ ጨለማ መንገድ ላይ መብራት አብርተን ሰፈሩን ማነቃቃታችንም እውነት ነው። ሁለቱን አብሮ የያዘ ሰው ዩ ስትሪት ላይ ከጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቱ ጋር ሲያወራ ጨዋታው ይሠምርለታል። ዛሬ ኪራዩ ሁለቱንም እየገፋ ነው። የእኛ ሰው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ እየሄደ ነው፤ በርካታ የሰፈሩ ነባር ቤተሰቦችም ከእኛ ቀድመው ሄደዋል።

ራትና ሒሳብ

ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ራት ቢቀመጡ ይመረጣል። ከ2 ሰዓት በኋላ ዓርብና ቅዳሜ ወረፋው ይረዝማል፤ አንዳንዱ ምግብ ቤትም ሙዚቃው ከተጀመረ በኋላ ምግብ የማዘዣውን ሰዓት ያሳጥራል። ሐበሻ ምግብ ለመብላት ካሰቡ 9ኛው መንገድ ላይ በእግርዎ አለፍ አለፍ እያሉ የሞላውን ቤት ይምረጡ። የታክሲ ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ጥብሱ ትኩስ፣ ሒሳቡም የማይጎዳ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ የማይገኝበት የሐበሻ ቤት አያጋጥምም፤ ነገር ግን ሽሮው በቅቤ አለመሠራቱን መጠየቅ አይከፋም፤ ሥጋ ተመጋቢው ደንበኛ ብዙ ነውና።

ቤንስ ቺሊ ቦውል ከገቡ አንድ ነገር ይወቁ። ቤቱ የታወቀበት «ሃፍ ስሞክ» የተባለው ቋሊማ የአሳማና የበሬ ሥጋ ድብልቅ ነው። ይህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የእኛ ሰው ቁም ነገር ነው፤ ብዙ እንግዳ ሳያውቅ ያዘዋል። ከበሬ ሥጋ ብቻ የተሠራ አለ፣ ሥጋ የሌለው ቺሊም አለ። ሻጩን በግልጽ ይጠይቁ፤ የሚከፋው ሰው የለም።

ምናሌ ላይ የሚያዩት ዋጋ የሚከፍሉት አይደለም። ዲሲ ውስጥ በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ 10 በመቶ ግብር ይጨመራል፤ ከዚያ በላይ ለአስተናጋጅ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መተው ልማድ ነው። አንዳንድ ቤት የአገልግሎት ክፍያ ራሱ ስለሚጨምር ሁለቴ እንዳይከፍሉ ወረቀቱን አንብበው ይክፈሉ። «እኔ ልክፈል፣ በእናትህ እኔ ልክፈል» እየተባለ ግብግብ የሚያዝበት ጠረጴዛ ላይ ሒሳቡ ተከፍሎ ጉርሻው ሲረሳ አይቻለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ሕጉ ለአስተናጋጅ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ ነው፤ ቀሪው ከእንግዳው እጅ ይመጣል ተብሎ። የምታስተናግድዎት ልጅ ከቀናት በፊት የመጣች፣ አገር ቤት ገንዘብ የምትልክ ልትሆን ትችላለች።

ሙዚቃው

የሰፈሩ ትልልቅ መድረኮች ሦስት ናቸው። ሊንከንና ሃዋርድ ታድሰው ዛሬም ይሠራሉ፤ ሃዋርድ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2012 ነው ተመልሶ የተከፈተው። ሦስተኛው ናይን ተርቲ ክለብ ነው። በ1980 መሀል ከተማ ኤፍ ስትሪት ላይ ተከፍቶ በ1996 ወደ ቪ ስትሪት ተዛወረ፤ ወደ 1,200 ሰው ይይዛል። ለእነዚህ ትኬት አስቀድመው ይግዙ። በር ላይ አገኛለሁ ብሎ መምጣት ብዙ ጊዜ በብርድ ቆሞ መመለስ ነው።

ትናንሾቹ ቤቶች በየጊዜው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በ1926 የተከፈተው ቦሂሚያን ካቨርንስ ብዙ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ያለፉበት ቤት ነበር፤ በ2016 ተዘጋ። ስለዚህ አሮጌ ምክር ይዘው አይምጡ፤ የሚሄዱበትን ቤት በዚያው ሳምንት ስልክ ደውለው ያጣሩ። ባለ ባንዱ የሐበሻ ቤት ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው እኩለ ሌሊት ሊደርስ ይችላል። እውነተኛ ሙዚቃ ሰምቶ፣ ከሰው ጋር ተነጋግሮ መመለስ የሚፈልግ ሰው ሐሙስ ቢመጣ ከቅዳሜ የተሻለ ይደሰታል። ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግፊያው ይበዛል፤ የሚጮኸውም ድምፅ ማጉያው ነው።

መታወቂያ ሳይይዙ አይውጡ። መጠጥ የሚፈቀደው ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተውንም ሰው በር ላይ ይጠይቁታል። ከአገር ቤት የመጡ ከሆነ ፓስፖርት ይያዙ፤ ልደቱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈበትን መታወቂያ በረኛው ሊያነበው አይችልም። መጠጥ የሚሸጠው ከእሑድ እስከ ሐሙስ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት ነው። የተከፈተ ቢራ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት በሕግ ያስቀጣል።

ድምፅና ጎረቤት

ስለ ጎ ጎ ሳይነገር የዲሲ ምሽት ጎዶሎ ነው። ጎ ጎ ከበሮው የማይቋረጥ፣ ዘፋኙና ሕዝቡ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት፣ እዚችው ከተማ የተፈጠረ ሙዚቃ ነው። አባቱ የሚባለው ቻክ ብራውን በ2012 አርፏል፤ ሃዋርድ ቴአትር አጠገብ ያለው የ7ኛው መንገድ ክፍል በስሙ ተሰይሟል። ሞቅ ያለውን የእኛን ጭፈራ የሚወድ ሰው ጎ ጎን ቶሎ ይለምዳል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ተመልካችን ቁጭ ብሎ እንዲያይ አይተዉትም።

7ኛው መንገድና ፍሎሪዳ አቬኑ በሚገናኙበት ጥግ አንድ የስልክ ሱቅ ለብዙ ዓመታት በደጁ በድምፅ ማጉያ ጎ ጎ ያሰማ ነበር። በ2019 አዲስ ከተሠራው ውድ አፓርታማ ቅሬታ መጣና ሙዚቃው እንዲጠፋ ታዘዘ። ከተማው ተነሣ። ሰው በሺዎች አደባባይ ወጥቶ ባንዶች መንገድ ላይ ተጫወቱ፤ ሙዚቃው ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት ጎ ጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። ሰዎቹ የተከራከሩት ሰፈሩ ድምፁን ይዞ እንዲቆይ ነው።

ለእንግዳ የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው። ሙዚቃው በቤቱና በደጁ ይሁን፤ ቲ እና ቪ ስትሪት ላይ ግን ሰው ተኝቷል። ከክለብ ወጥቶ በጎን መንገድ ላይ የመኪና ሙዚቃ ከፍቶ መጨፈር፣ የሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ መጠጣት፣ ግድግዳ ሥር መሽናት የሰፈሩን ሰው ያስቆጣል፤ «ሐበሾቹ» ተብሎም በጅምላ ይቆጠራል። እነዚህ መንገዶች ላይ ከ1968 በፊት ጀምሮ የኖሩ አረጋውያን ሊኖሩ ይችላሉ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ካዩዋቸው ሰላም ይበሏቸው፤ ስለ ጥንቱ መንገድ ከእነሱ የሚሻል አስጎብኚ የለም።

ወደ ቤት

ሜትሮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ ዓርብና ቅዳሜ ይዘገያል። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ከመውጣትዎ በፊት ይዩ። ካመለጠዎት ታክሲ ወይም በስልክ የሚጠራ መኪና ይያዙ፤ ሾፌሩ የአገርዎ ልጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ባሮቹ በአንድ ጊዜ ሲዘጉ የ14ኛው መንገድና የዩ ስትሪት መስቀለኛ ላይ ብዙ የሰከረ ሰው ስለሚሰበሰብ ጠብም የስልክ ንጥቂያም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣት፣ ስልክን ኪስ ውስጥ ማድረግ፣ መኪናውን በሩ ሥር ቆሞ መጠበቅ በቂ ጥንቃቄ ነው። ጠጥተው አይንዱ፤ የስደተኛ ወረቀት ላላለቀለት ሰው ይህ ጥፋት ከቅጣትም ያለፈ ጣጣ ያመጣል።

ሌሊት ማምሸት የማይሆንላቸው እናትና አባት ወይም ልጆች ካሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዘዋቸው ይምጡ። ከዩ ስትሪት በስተ ሰሜን፣ በ15ኛውና በ16ኛው መንገድ መካከል ያለው ሜሪዲያን ሂል ፓርክ በሰፈሩ ሰው አፍ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ይባላል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሙቀቱ ወራት እሑድ እሑድ ከበሮ መቺዎች ይሰበሰቡበታል። መግቢያው ነፃ ነው። ከዲሲ ተወላጁ ጋር ከምዕራብ አፍሪካና ከካሪቢያን የመጣውም ከበሮውን ይዞ ይቀመጣል፤ ሕፃናት መሀል ገብተው ይጨፍራሉ። ከሜትሮው በ13ኛው መውጫ ወጥተው ወደ ምዕራብ በእግር ይሂዱ፣ በ15ኛው ወደ ቀኝ ይታጠፉ። ዳገት ስላለው ለትልልቅ ሰዎች ታክሲ ይሻላል፤ ነጠላና ውኃ ይያዙላቸው።